መሣሪያውን ላላየው አንባቢ

የዛሬውን ትምህርታችንን ‹ደንበኛ ይፈልጋል› በሚሉ ሁለት ቃላት እጀምራለሁ። እነዚህን ቃላት የጻፍኋቸው እኔ ነኝ፤ የጻፍኋቸውም ለአንድ መሥሪያ ቤት በምንሠራው የቀጠሮ ፕሮግራም ውስጥ የደንበኞችን መዝገብ ለሚመረምር አነስተኛ መሣሪያ መግለጫ ይሆኑ ዘንድ ነበር። በጻፍኋቸው ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንደ ቀትር ብርሃን የተገለጠ መስሎ ታየኝ፤ መሣሪያውን የሠራሁት ራሴ ነበርሁና ምን እንደሚፈልግ፣ እንዴት እንደሚፈልግ፣ ፈልጎም ባጣ ጊዜ ምን እንደሚመልስ አሳምሬ አውቅ ነበር። ነገር ግን እነዚያን ቃላት የሚያነባቸው እኔ አልነበርሁም።

አንባቢው ባለሙያዎች ኤአይ ኤጀንት የሚሉት፣ እኛም ዛሬ ወኪል ብለን የምንጠራው ነው። ወኪል ማለታችን ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ሆኖ ከሰው ጋር ቃል በመለዋወጥ ብቻ ሳይወሰን በአደራ የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም ፋይል የሚከፍት፣ ኮድ የሚጽፍ፣ የጻፈውን የሚፈትን፣ የተበላሸውንም የሚያርም ስለ ሆነ ነው። ሞዴሉ ግን በራሱ እጅ የለውም፤ ከእርሱ የሚወጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሩ በሙያው ቋንቋ ቱል የሚባሉትን መሣሪያዎች ያዘጋጅለትና፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን መግለጫ፣ የሚቀበላቸውንም ፓራሜትሮች ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጠዋል። ሞዴሉ ይህን አንብቦ ‹እገሌ የተባለውን መሣሪያ በዚህ ቃል ጥሩልኝ› የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ፕሮግራሙ መሣሪያውን ያሠራል፤ ውጤቱም ዳግመኛ በጽሑፍ ተመልሶ ይቀርብለታል። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ይህን አሠራር ለፕሮግራመሮች በይፋ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነበር፤ አንትሮፒክ የተባለው ሌላ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ ሥርዓት ባወጣ ጊዜ፣ አንድ ሰው የሠራውን መሣሪያ ፈጽሞ የማያውቀው የሌላ ሰው ወኪል ሊጠቀምበት የሚችልበት መንገድ ይበልጥ ሰፋ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በተለመደው አሠራር ወኪሉ የመሣሪያውን ውስጥ፣ ማለት የተሠራበትን ኮድ፣ አያይም፤ እንደ አዲስ ሠራተኛም ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞር ብሎ ‹ወንድሜ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?› ብሎ ባልደረባውን አይጠይቅም። ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ያችኑ የጻፍንለትን ጥቂት ቃል ነው፤ ቃሏ ከጐደለች የጐደለውን ከራሱ ግምት ይሞላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቃሎቼ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ከዘረጉ በኋላ ‹አንድም› እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች እንደሚያከታትሉ ታውቃላችሁ፤ ትርጓሜውም ከዚህ የተነሣ አንድምታ ተባለ። በዚሁ ሥርዓት ‹ደንበኛ ይፈልጋል› የሚለውን ብንተረጕመው፣ መሣሪያው ከመዝገቡ ውስጥ ደንበኛን ያስሳል ማለት ነው፤ አንድም መሣሪያው ይሠራ ዘንድ ደንበኛ ያስፈልገዋል፣ ደንበኛው አስቀድሞ ይሰጠው ማለት ነው፤ አንድም ደንበኛው ራሱ አንድ ነገር ይሻል ማለት ነው። ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ይህ የፍች ብዛት ብልጽግና ነው፤ ተማሪው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሁሉንም በየተራው ይቀበላል። ወኪሉ ግን ከብዙው ‹አንድም› አንዱን ብቻ መርጦ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ማዋል አለበት፤ የመረጠውንም ‹ይህን መረጥሁ› ብሎ ላያስታውቀን ይችላል።

የደረሰውን ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛ ቀጠሮዋ በፕሮግራሙ ውስጥ አልታይ ስላላት አመልክታ ነበርና፣ ምክንያቱን መርምሮ ኮዱን ያቃና ዘንድ ወኪሉን አዘዝሁት። የሴትዮዋ ስም ፀሐይ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ስሟ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ተጽፏል፤ በማመልከቻው ላይ ግን የጻፈው ሰው በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ጽፎታል። እናንተ አሁን በሬዲዮ ስትሰሙኝ ሁለቱን አጻጻፍ በጆሮ ልትለዩ አትችሉም፤ ሁለቱም ፀሐይ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ቁጥር የሚታወቅ ስለ ሆነ ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ስሞች ናቸው። መሣሪያዬ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያስተያይ ነበርና ባዶ ዝርዝር መለሰ። ወኪሉም ባዶ ዝርዝር ማለት ‹እንዲህ ያለች ሰው በመዝገብ የለችም› ማለት ነው ብሎ ተረዳ፤ ከዚህም ተነሥቶ ቀጠሮ ያለው ነገር ግን ያልተመዘገበ ሰው ሲገኝ አዲስ መዝገብ የሚከፍት ኮድ ጻፈ፤ ጽፎም ፈተነው፤ ፈተናውም አለፈ። ለሙከራ ባዘጋጀነው የመረጃ ቋት ውስጥ አንዲት ሴት ሁለት ሆና ተገኘች።

በዚህ ወኪሉን መውቀስ አይገባም። ባዶ ዝርዝር ምን ማለት እንደ ሆነ የነገረው አልነበረም፤ እኔ ዝም ባልሁበት ቦታ እርሱ ተናገረ። በዚያ ቀን የተማርሁት፣ የመሣሪያ መግለጫ ዋና ክፍል መሣሪያው ሲሳካለት የሚያደርገው ነገር ብቻ ሳይሆን ሳይሳካለት የሚያሳየው መልክ ጭምር መሆኑን ነው። መግለጫውንም እንደገና ጻፍሁት። አሁን በዝግታ አነበዋለሁ፤ ፕሮግራመሮች የሆናችሁ እርሳስና ወረቀት ብትይዙ መልካም ነው።

‹በደንበኞች መዝገብ ውስጥ አንድን ሰው በስሙ አስሶ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ስሙንና የአባቱን ስም ይመልሳል። ሰውየው ተመዝግቦ እንደ ሆነ ለማወቅ በዚህ ተጠቀም፤ የመዝገብ ቁጥሩ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ደንበኛ በቁጥር በተባለው መሣሪያ ተጠቀም። ስሙ በአማርኛ ፊደል ይጻፍ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንደ ልዩ ልዩ ፊደላት ይቈጠራሉ፤ ስለዚህ ባዶ ዝርዝር ሲመለስ ሰውየው የለም ማለት አይደለም፤ ስሙን በሌላው አጻጻፍ ደግመህ አስስ። ከ20 በላይ ሰዎች ቢገኙ የመጀመሪያዎቹ 20 ብቻ ይመለሳሉ፤ በዚህ ጊዜ የአባት ስም ጨምር። ይህ መሣሪያ መዝገብ አይከፍትም፣ አይለውጥም፣ አይሰርዝም።›

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ደግሜ ሳነበው፣ ‹ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንደ ልዩ ልዩ ፊደላት ይቈጠራሉ› የሚለው ዓረፍተ ነገር አሳፈረኝ። ምክንያቱም ይህ የመሣሪያው ጠባይ ሳይሆን የመሣሪያው ነውር ነበር፤ ሰው ሲጽፍ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ኀን በሀ እየለወጠ እንደሚጽፍ እያወቅሁ መሣሪያውን እንደዚያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ተመልሼ መሣሪያውን አቃናሁት፤ ከማሰሱ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ መልክ እንዲያመጣቸው አደረግሁ፤ መግለጫውም በዚያው መጠን አጠረ። መግለጫን በእውነት የመጻፍ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ሆኖ ይታየኛል፤ ለመግለጥ አስቸጋሪ የሆነ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩ ራሱ የተጣመመ ነው።

ይህ ልማድ በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ አዲስ አይደለም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ሳሉ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የመጀመሪያ መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ባወጡ ጊዜ፣ የእያንዳንዱ ትእዛዝ መግለጫ በአንድ ሥርዓት የተደለደለ ነበር፤ ስሙ፣ አጠራሩ፣ ማብራሪያው፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ የሚያወጣቸው የስሕተት መልእክቶች በየተራቸው ይመጡና፣ ከእነዚህ ጋር ‹ባግስ› ማለት ጕድለቶች የሚል ርእስ ነበረ። ሠሪዎቹ የገዛ ሥራቸውን ጕድለት በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ከምስጋናው ጋር እኩል ክብር ሰጥተው፣ ለተጠቃሚው አስረከቡት። ዛሬ ለወኪሎች የሚጻፉትን መግለጫዎች ስመለከት የምናፍቀው ይህን ርእስ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያው ምን እንደሚችል ብቻ ይናገራሉ፤ የማይችለውን ወኪሉ ተሰናክሎ ይማረው ብለው ይተዉታል፤ ወኪሉ ደግሞ ሥራው ሲያልቅና አዲስ ሥራ ሲጀምር፣ በጽሑፍ ያልተቀመጠለትን የትናንቱን መሰናከል ይዞት አይመጣም።

እንደ ባዶው ዝርዝር ያለውን የመሣሪያ ዝምታ በተመለከተ አንድ የተመሰገነ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ስዊ-ኤጀንት የተባለውን ኮድ አራሚ ወኪል ሲያዘጋጁ፣ ሞዴሉን ራሱን ሳይለውጡ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ብቻ በማሻሻል ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ መረመሩ። ከሠሯቸውም ነገሮች አንዱ በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ብዙ ትእዛዞች ተሳክተው ሲፈጸሙ አንዳች ቃል አያወጡም፤ ልምድ ያለው ሰው ይህን ዝምታ እንደ መልካም ዜና ይወስደዋል፤ ሞዴሉ ግን ባዶውን ተመልክቶ ትእዛዙ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም እያለ ሊወላውል ይችላል። ስለዚህ በዝምታው ቦታ ትእዛዙ በመልካም መፈጸሙንና የሚወጣ ጽሑፍ አለመኖሩን የሚያስታውቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አኖሩ። እንዲሁም ፋይል የሚያሳየው መሣሪያቸው በአንድ ጊዜ 100 መስመር ብቻ እንዲያሳይ አደረጉ፤ 30 መስመር ብቻ ሲያሳይም፣ ፋይሉን በሙሉ ሲያሳይም የወኪሉ ሥራ ከዚህ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታልና። ጥቂት ያየ አውዱን ያጣል፤ ሁሉን ያየም የሚሻውን ከብዙው መካከል ያጣዋል።

አንትሮፒክም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ኮድ ለሚያርመው ወኪሉ ለሞዴሉ ከሚሰጠው አጠቃላይ መመሪያ ይልቅ መሣሪያዎቹን ለማሻሻል ብዙ ጊዜ እንደ ወሰደ ገልጿል። የጠቀሰውም ምሳሌ የፋይል አድራሻን የሚመለከት ነው፤ ወኪሉ ከመነሻው ፎልደር ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ በኋላ፣ ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ የሚቈጠረውን አጭር አድራሻ ሲጠቀም ይሳሳት ነበር። መሣሪያውን ሁልጊዜ ከሥር ጀምሮ የተሟላ አድራሻ ካልተሰጠው በቀር የማይቀበል ባደረጉት ጊዜ ስሕተቱ ጠፋ። እዚህ ላይ የሚያስደስተኝ፣ ‹እባክህ በአድራሻ አትሳሳት› የሚል ተግሣጽ ከመጨመር ይልቅ መሳሳቻውን መንገድ ራሱን መዝጋታቸው ነው። መግለጫ በጻፍን ቁጥር ይህን ልንመረምር ይገባናል፦ ይህ የምጽፈው ማስጠንቀቂያ በመሣሪያው አሠራር ሊተካ አይችልምን? ሊተካ የሚችል ከሆነ ይተካ፤ የማይተካው ብቻ በቃል ይቅር።

በቃል ብቻ ሊቃና ከሚችለው መካከል ለእኛ አገር ፕሮግራመሮች የቀንና የሰዓት አቈጣጠር ዋነኛው ይመስለኛል። አንድ ፓራሜትር ‹ቀን› ተብሎ ቢሰየምና በመግለጫው ሌላ ነገር ባይጻፍ፣ ወኪሉ የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ያስባል፤ ሞዴሎቹ የተማሩበት ጽሑፍ አብዛኛው በዚያ የተጻፈ ነውና። መዝገቡ ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተያዘ ከሆነ፣ 2016 የሚለው ዓመት በሁለቱም ዘንድ ትክክለኛ መስሎ የሚታይ ዓመት ነው፤ ፕሮግራሙ አይጮኽም፣ ስሕተት ነው አይልም፤ ቀጠሮው ብቻ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ወይም በኋላ ይወድቃል። ስሕተትን የሚመስል ስሕተት ይታረማል፤ እውነትን የሚመስል ስሕተት ግን እስኪበቅል ድረስ አይታወቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ብንል፣ 13ኛ ወር የማያውቅ የቀን ማስሊያ አይቀበለውም፤ ይህ እንኳ ደኅና ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። ሰዓቱንማ ምን እንላለን! ‹3 ሰዓት› ሲባል አንድ የአዲስ አበባ ሰው የሥራውን ጧት ያስባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሰው ሁሉ የተኛበትን ሌሊት ያስባል። ስለዚህ መግለጫው ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ፣ ዓመት፣ ወርና ዕለት በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉ፣ ሰዓቱም ከጠዋት ወይስ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቈጠር ከአንድ ምሳሌ ጋር ይናገር። ምሳሌው ከማብራሪያው ይልቅ ብዙ ያስተምራል፤ ‹ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024› ብለን ብንጽፍ፣ አንድ ገጽ ሐተታ ያስቀርልናል።

ርዝመትን በተመለከተ አጭር ነገር ልናገር። መግለጫዎቹ ሁሉ ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር ከሥራው ጋር አብረው ይቀርቡለታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ቶክን በሚባለው መለኪያ እየተቈጠረ ዋጋ ያስከፍላል፣ ለሥራው የሚሆነውንም ቦታ ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ሲይዝ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ የአማርኛው መግለጫ ብዙ ጊዜ የበለጠ ቶክን ይፈጃል፤ ለእናንተ በአማርኛ ያነበብሁትን በሥራ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ብዙዎች ናቸው። በዚህ አልቃወምም፤ ነገር ግን የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ መሣሪያው የሚቀበለው ቃል ሁሉ በምሳሌው ውስጥ በገዛ ፊደላችን ይጻፍ፤ ያለዚያ ወኪሉ ፀሐይን በላቲን ፊደል ጽፎ ያስሳታል፤ አያገኛትምም።

ከዚህ ይልቅ የከበደው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። መግለጫ ያስረዳል እንጂ በር አይዘጋም። ‹ይህን መሣሪያ ያለ ሰው ፈቃድ አትጠቀም› ብሎ መጻፍ ከተሰረዘ ለማይመለስ መዝገብ በቂ ጥበቃ አይደለም፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ራሱ ይሁን። እንዲያውም መግለጫው ራሱ የጥፋት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የደኅንነት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ክፉ ሰው በሠራው መሣሪያ መግለጫ ውስጥ ለወኪሉ የተሰወረ ትእዛዝ አስገብቶ የተጠቃሚውን ምሥጢር እንዲያወጣ ሊያደርገው ይችላል፤ ወኪሉ መግለጫን እንደ ታመነ ቃል ያነበዋልና። ከሌላ ሰው የተገኘን መሣሪያ ከማያያዛችሁ በፊት መግለጫውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መግለጫው መልካም መሆኑን በምን እናውቃለን ለምትሉ፣ እኔ የማደርገውን እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ላላየ ባልደረባ አሳየውና ‹መሣሪያው ባዶ ቢመልስልህ ምን ታደርጋለህ?› ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እርሱ ከተቸገረ ወኪሉም ይቸገራል። ቀጥሎ ወኪሉን እውነተኛ ሥራ ሰጥቼ፣ መሣሪያዎቹን የጠራባቸውን ቃላት በየተራቸው የሚያሳየውን መዝገብ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ወኪሉ ቃሌን እንዴት እንደ ተረዳው የማይበት ሌላ መስኮት የለኝም።

ሞክሼ ፊደላቱን ካቃናሁና መግለጫውን ካሳጠርሁ በኋላም እንዲሁ አደረግሁ። ፀሐይ በማናቸውም አጻጻፍ ተገኘች። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ወኪሉ ገብረ ማርያም የተባለን ሰው ሲያስስ፣ ‹ገብረ› የሚለውን በስም ቦታ፣ ‹ማርያም› የሚለውንም በአባት ስም ቦታ አስገብቶ፣ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሦስት ጊዜ ባዶ ተመልሶለት አየሁ። ብዕሬን አንሥቼ በመግለጫው ላይ ይህን ጨመርሁ፦ ‹እንደ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል ያሉ ስሞች በሁለት ቃል ቢጻፉም አንድ ስም ናቸው፤ በሙሉ በስም ቦታ ይግቡ።›